ደሴ–ኮምቦልቻ፤ መቼ ነው የምደምረው፣ መቼ ነው የምቀንሰው?

ሰኞ ገበያ፦ ሰላም ናችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ደሴ። ሬላቲቭ ቬሎሲቲ (አንዱ ከሌላው አንጻር ሲታይ ያለው ፍጥነትና አቅጣጫ) አናደደኝ። ሚኒባስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት ሲኖትራክ ከኮምቦልቻ በ20 ይወጣል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከስንት ደቂቃ በኋላ ይገናኛሉ? ፎርሙላው ላይ የመቀነስ ምልክት ስላለ ከ40 ላይ 20 ቀነስኩ። 25ን ለ20 ሳካፍል 1 ሰዓት ከሩብ መጣ። መምህሩ ኤክስ አድርጎ መለሰልኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

የሐረጎ ተመላላሽ፦ አብሽሪ እህቴ። ፎርሙላውን ለጊዜው ተይውና መልስሽን እዪው። በ40 የሚወርድ ሚኒባስ 25 ኪሎ ሜትሩን በ37 ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። አንቺ በ75 ደቂቃ ይገናኛሉ አልሽ። ያኔ እኮ ሹፌሩ ኮምቦልቻ ሻዩን ጠጥቶ ለደሴ እየጫነ ነው!

እኔ በየቀኑ ለሥራ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሁሌም ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮት ጥግ። መንገዱ መሀል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና እያቃሰተ ነው የሚመጣው። አጠገባችን ሲደርስ ግን እልም ይላል፤ ሰሌዳውን እንኳ አላየውም። ከፊታችን እየወረደ ያለውንስ? ሰሌዳውን፣ ጭቃውን፣ የኋላ ጽሑፉን፣ ሁሉንም አንብቤ እጨርሳለሁ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

መቀነስሽ ልክ ነው። የረሳሽው አቅጣጫውን ነው። ቁልቁለቱን ፖዘቲቭ ካልሽ የሲኖትራኩ ቬሎሲቲ ኔጌቲቭ 20 ነው። ከ40 ላይ ኔጌቲቭ 20 ሲቀነስ 60። 25ን ለ60 አካፍዪ፤ 25 ደቂቃ። ሚኒባሱ 16.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዷል፣ ሲኖትራኩ 8.3 ወጥቷል። ደምሪያቸው።

ጦሳ፦ ትንሽ ልነዝንዝ። ሐረጎ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ የት አለ? ኩርባ ላይ ሁለቱ በአንድ መስመር አይሄዱም፤ የቬሎሲቲያቸው ልዩነትም 60 ላይሆን ይችላል። 60 የሚሆነው በመሀላቸው ያለው መንገድ የሚያጥርበት ፍጥነት ነው።

የሐረጎ ተመላላሽ፦ እውነቱን ነው። ለፈተናው ግን መንገዱን እንደ ገመድ ወጥረሽ አስቢው።

ሰኞ ገበያ፦ ገባኝ! ጋሼ፣ አንድ ልጨምር። ዝናብ በሴኮንድ 6 ሜትር ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልጅቷ በ3 ሜትር ትሮጣለች። ጃንጥላዋን ምን ያህል ታዘንብል? እዚህም ልደምር?

የሐረጎ ተመላላሽ፦ ኧረ በፍጹም! አንዱ ቁልቁል፣ አንዱ አግድም ነው። አንቺ ቆመሽ መሬቱ ወደ ኋላ የሚሮጥ አድርገሽ አስቢ። ዝናቡም አብሮ በ3 ፊት ለፊት ይመጣብሻል። 3 ለ6፣ ታንጀንቱ 0.5 ነው። ከቀጥታው 27 ዲግሪ አካባቢ ወደ ፊት አዘንብዪ። በነሐሴ ከፒያሳ ስትሮጪ ጉልበትሽ ርሶ ጀርባሽ የሚተርፈው በዚህ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ዛሬ ሞከርኩት። ጃንጥላዬን ነፋስ ገለበጠው 😂

ጦሳ፦ የነፋሱንስ ቬሎሲቲ መቼ አስገባችሁት?