አቦሸማኔ ያደነችውን ለምን ዝም ብላ ለጅብ ትለቃለች?

ኪያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዩቲዩብ ላይ የማሳይ ማራ ቪዲዮ ሳይ ነበር፣ አቦሸማኔዋ ሚዳቋ ጥላ ገና ትንፋሿ እንኳን ሳይመለስ አንድ ጅብ ብቻውን መጥቶ ቀማት፣ እሷም ትታለት ሄደች። ሦስት ልጆች ደግሞ አብረዋት ነበሩ፣ እውነት አንጀቴን ነው የበላችው። ጥርስ አላት ጥፍር አላት ታዲያ ለምን አትታገልም? የምታውቁ አስረዱኝ እስኪ።

የሜዳው፦
ኪያ፣ መታገል አያዋጣትማ። ብትከብድ 50 ኪሎ ብትሆን ነው፣ ጅቡ ግን 60 ሊያልፍ ይችላል መንጋጋው ደግሞ አጥንት ይሰብራል። ጥፍሯም እንደ ነብር ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ጫፉ ይደንዛል፣ ስትሮጥ መሬት ለመቆንጠጥ ነው የሚጠቅማት። ዋናው ግን ቁስል ነው። ነብር ትንሽ ቢቆስል አድፍጦም ቢሆን ይበላል፣ እሷ ካነከሰች ግን አለቀ፣ ልጆቿም አብረዋት ነው የሚራቡት፣ ስለዚህ ይቺን ሚዳቋ ለቃ ነገ ሌላ ብታድን ይሻላታል። ፍጥነቷን ሁሉም ሰው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ይላል፣ ቦትስዋና ውስጥ አንገታቸው ላይ መሳሪያ አስረው ሲለኩ ግን ትልቁ 93 ነበር፣ አብዛኛው አደን ደግሞ ከዛ በጣም ባነሰ ፍጥነት ነው የሚያልቀው። እኔን የሚደንቀኝ በዛ ሩጫ መሀል ባንዴ መታጠፏ ነው፣ ጅራቷ እንደ መሪ ያገለግላታል።

ሰናይት፦
ልጆቹን ካነሳሽ አይቀር፣ እናትየው ብቻዋን ነው የምታሳድጋቸው፣ አባት ብሎ ነገር የለም። ወንድማማቾቹ ካደጉ በኋላም አብረው ይኖራሉ፣ ሴቷ ግን ብቻዋን ትቀራለች። ልጆቿ ትንንሽ እያሉ ጠረናቸው እንዳይታወቅ በየጥቂት ቀኑ በአፏ እየያዘች ከጎሬ ጎሬ ታዞራቸዋለች፣ ለማደን ስትሄድ ግን ጠባቂ የላቸውም። ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ፓርክ ውስጥ በተደረገ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ጥናት ከ100 ግልገል ራሱን እስኪችል የተረፈው 5 አካባቢ ነው፣ ብዙዎቹን የገደለው አንበሳ ነው። አንበሳ ያነሰበት ደቡባዊ አፍሪካ ካላሃሪ በረሃ ላይ ግን ከሲሶ በላይ ተርፈዋል።

የጅጅጋው፦
የኛ አገር አቦሸማኔዎች ላይ ከአንበሳ የባሰ ሰው አለ። ሱማሌ ክልል ውስጥ እናትየው ስትወጣ ጠብቀው ግልገሎቹን ይወስዳሉ፣ ወይ ፍየል በላችብን ብለው ይዘው ለደላላ ይሸጣሉ፣ ከዛ በሶማሊላንድ ባህር ዳርቻ በጀልባ የመን፣ ከየመን ወደ ገልፍ አረብ አገሮች። ብዙው መንገድ ላይ ነው የሚሞተው፣ ጡት ሳይጥል የተወሰደ ምን ይሆናል። ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በግል ማሳደግን በህግ ከልክላለች ግን ገልፍ ላይ ፈላጊው አሁንም አልጠፋም። ገልፍ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠ የአቦሸማኔ ግልገል ቪዲዮ ስታዩ እባካችሁ ላይክ አታድርጉ ሼርም አታድርጉ፣ ገዢ የሚያመጣው እሱ ነው። በዓለም ላይ ዱር ውስጥ የቀሩት ወደ 7,000 ብቻ ናቸው።

ኪያ፦
ኧረ በጣም ነው የሚያሳዝነው! የተያዙትስ መልሰው ዱር ይለቀቃሉ?

የጅጅጋው፦
አብዛኞቹ አይሆንላቸውም እህቴ። ማደን የሚማሩት ከእናታቸው ጋር ዓመት ከመንፈቅ ያህል እየዞሩ ነው፣ ያ ካመለጣቸው ዕድሜ ልክ ሰው ነው የሚቀልባቸው። ሐርጌሳ በኩል የሚያሳድጓቸው አሉ፣ እኛ ጋር ደግሞ ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባል የቦርን ፍሪ ድርጅት የዱር እንስሳት መጠለያ አለ፣ ማየት ከፈለግሽ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂያቸው።