የዋይፋይ ኮንትሮለር ደሴም ኮምቦልቻም ይኑረን፦ ለጉባኤ ሚቀርበውን ሀሳብ አብረን እናውጣ

የኮሚቴ ሰብሳቢ፦
ሰላም የማህበራችን አባላት እንዴት ሰነበታችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤ ሚቀርበውን የኔትወርክ እቅድ እዚህ ተነጋግረን አንድ ሀሳብ አርገን እናውጣው። ያለንበት ሁኔታ እንደምታውቁት ደሴ ፒያሳ ዋናው ቢሮ አንድ ኮንትሮለር አለን፣ እሱ ነው የደሴዎቹን 18 አክሰስ ፖይንት (ኤፒ፣ ዋይፋዩን ሚለቁትን ሳጥኖች) እና የኮምቦልቻዎቹን 14 ሚያስተዳድረው። ባለፈው ክረምት ደሴ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም (ተጠባባቂ ባትሪው) ሲያልቅ ኮምቦልቻ መብራት እያለ ዋይፋዩ አብሮ ሞተ፣ ቁጠባ ሊያስገቡ የመጡ እናቶች ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብለው ተመለሱ፣ ያን ቀን እኔ አልረሳውም። አሁን የቀረበው ሀሳብ ሁለተኛ ኮንትሮለር ገዝተን ደሴ ካለው ጎን እናስቀምጥ ሚል ነው። ያላችሁን ጨምሩበት።

ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጎን ለጎን ሚለውን አልደግፍም። ሁለቱም አንድ ክፍል ከተቀመጡ ሚያጠፋቸው አንድ መብራት ነው፣ ኮምቦልቻ ላለነው ሰዎች ምንም አልተለወጠም። ሁለተኛው እዚህ ይምጣ። እንደ ጥንድ ማሰር ይቻላል አይደል፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወዲያው ሚረከበው አይነት?

ኔትወርክ ላይ ምሰራው አባል፦
ወንድሜ ቦታው ላይ ካንተ ጋር ነኝ፣ ጥንዱን ግን ላስረዳ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው ሚሳሳተው። ሲስኮ የተባለው አምራች ኤስኤስኦ ሚለው አሰራር ላይ ሁለቱ ኮንትሮለሮች አንድ አይነት ሞዴልና አንድ አይነት የሶፍትዌር ቨርዥን ሆነው ዋናው ሚያውቀውን ሁሉ ተጠባባቂው እየገለበጠ ይቀመጣል፣ ዋናው ሲወድቅ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይረከባል፣ ዋይፋይ ላይ ስልክ ሚያወራ ሰው እንኳ ላያውቀው ይችላል። በጣም ጥሩ ነው። ግን በመሃላቸው ያለው መስመር ደርሶ መልሱ ከ80 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ 60 ሜጋቢት እንዲኖረው፣ ደግሞም ሁለቱ አንድ ስዊች (የኬብል ማገናኛ ሳጥን) ላይ እንዳሉ ሌየር 2 ሆኖ እንዲያገናኛቸው ይፈልጋል። የኛ መስመር ግን ተራ ኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ ቪፒኤን (ሁለቱን ቢሮ ሚያገናኝ የግል መስመር) ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎሜትር ገደማ ናቸው ግን ትሬስ አርጌ (ዳታው ሚሄድበትን መንገድ ተከትዬ) ሳየው ፓኬቱ አዲስ አበባ ደርሶ ነው ሚመለሰው፣ ፒንጉ (ደርሶ መልሱ) ደህና ቀን ላይ ያልፋል፣ ባንድዊድዙ (የመስመሩ አቅም) ግን አይበቃም።

ከዛ በላይ ሚያስፈራኝ መስመሩ ብቻ ሲቆረጥ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው ግን አይተያዩም፣ ተጠባባቂው ዋናው ሞቷል ብሎ ይነሳል፣ ዋናው ደግሞ አልሞተም፣ አንድ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይዘው ሁለት አለቃ ሆኑ ማለት ነው። በሁለቱ ከተማ መሃል ሀረጎ ላይ በክረምት ናዳ ቢወርድ ወይ መንገድ ሲሰራ ስካቫተር ፋይበሩን ቢበጥሰው ሚገጥመን ይሄ ነው።

ስለዚ ኤን ፕላስ ዋን ሚባለው ይሻለናል ነው ምለው። ሁለቱ ኮንትሮለሮች የየራሳቸውን አይፒ ይዘው ለየብቻ ይሰራሉ፣ የደሴ ኤፒዎች ላይ አንደኛ ደሴ ሁለተኛ ኮምቦልቻ ብለን እንጽፋለን፣ የኮምቦልቻዎቹ ላይ ደሞ ገልብጠን። ኤፒው ከኮንትሮለሩ ጋር በየ30 ሰከንዱ ይጠያየቃል (ማሳጠር ይቻላል)፣ መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ሞክሮ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ከኤስኤስኦ ይዘገያል፣ እሱን አልደብቅም።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ ቴክኒኩ ብዙም አይገባኝም፣ ሁለት ነገር ብቻ ንገሩኝ። እስኪዞር ድረስ ካሸሯ ደንበኛ ፊት ትቆማለች ወይ? ደግሞ ለ32ቱም ኤፒ ሁለት ቦታ ላይሰንስ (የአጠቃቀም ፍቃድ) ልንከፍል ነው?

ኔትወርክ ላይ ምሰራው አባል፦
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ላይሰንሱን፣ አዎ እያንዳንዱ ኮንትሮለር 32ቱንም መሸከም መቻል አለበት፣ 20 ብቻ ሚችል ገዝተን የችግር ቀን 12ቱ ደጅ ከቀሩ ምን ዋጋ አለው። ለተጠባባቂ ብቻ ዋጋው ቀለል ያለ ሚሸጡ አምራቾች አሉ ግን የኛ ሁለቱም በየቀኑ ሚሰሩ ስለሆኑ ይሄ ለኛ መሆን አለመሆኑን ፕሮፎርማ ስንሰበስብ በጽሁፍ እንጠይቅ።

ካሸሯን በተመለከተ ዋናው ነገር ኮንትሮለሩ ራሱ አይደለም። አሁን ባለው አሰራር ኮምቦልቻ ያለች ካሸር ፕሪንተሯ አጠገቧ ሆኖ እንኳ ዳታው በቪፒኤን ደሴ ኮንትሮለር ደርሶ ነው ተመልሶ ሚመጣው። ፍሌክስኮኔክት በሚባለው ግን ዳታው እዛው ቅርንጫፉ ስዊች ላይ ይወጣል፣ ኮንትሮለሩ ማስተዳደር ብቻ ነው ስራው። ኮንትሮለር ሲጠፋ የገባ ሰው አይባረርም፣ ስራው ይቀጥላል። ለዚህ አይነት አሰራር መስመሩ ለዳታ እስከ 300 ሚሊሰከንድ ቢዘገይም ይችላል ስለዚ የኛ ቪፒኤን ይበቃዋል። ፋየርዎሉ ላይ ዩዲፒ 5246 እና 5247 (ኤፒና ኮንትሮለር ሚነጋገሩባቸው በሮች) በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት መሆኑን ግን አሁኑኑ እናረጋግጥ።

ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፦
የገባው ይቀጥላል ካልክ አዲስ ሚገባውስ? ጠዋት ላፕቶፕ ምንከፍተው ሁላችንም አዲስ ነን እኮ።

ኔትወርክ ላይ ምሰራው አባል፦
ትክክል ነህ፣ ይሄን ዘልዬው ነበር። በአንድ የጋራ ፓስወርድ ሚገባው ዋይፋይ ከሆነ ኤፒው ራሱ ያስገባዋል። የሰራተኞቹ ግን በየስማቸው ነው ሚገቡት፣ የሚያጣራው ራዲየስ ሰርቨር ደግሞ ያለው ደሴ ነው። ስለዚ ሁለት ኮንትሮለር ገዝተን ሰርቨሩ አንድ ቦታ ከቀረ ያው ደሴ ሲጠፋ ኮምቦልቻ በር ላይ ይቆማል። አንድ ትንሽ ራዲየስ ኮምቦልቻ ይግባ፣ የተጠቃሚ ዝርዝሩን ከደሴ እየቀዳ ሚቀመጥ።

ገራዶ ያለሁ አባል፦
እኔ ከደረሰብኝ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ቦታ ስሰራ መብራት ከጠፋ በኋላ ኮንትሮለሩ ሲነሳ ሰዓቱ ጠፍቶት ነበር፣ ልጁ በቅንነት በእጁ ሲሞላው የኛን አቆጣጠር 2016 ብሎ ሞላው፣ ፈረንጆቹ ግን 2024 ላይ ነበሩ። ከዛ አንድም ኤፒ አልገናኝ አለ። ግማሽ ቀን ኬብል ስንነቅል ስንሰካ ዋልን። ለካ ኤፒውና ኮንትሮለሩ ሚተዋወቁት በሰርተፍኬት ነው፣ የኤፒዎቹ ሰርተፍኬት በ2021 የተሰጠ ስለነበር ለኮንትሮለሩ ገና ቀኑ ያልደረሰ ሆኖ ታየው። ሁለት ኮንትሮለር ሲሆን ደሞ ይሄ ስህተት ሁለት ቦታ ሊፈጠር ነው፣ ስለዚ ሁለቱም ሰዓታቸውን ከኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት ከሚሰጠው አገልግሎት) ይውሰዱ፣ ማንም በእጁ አይንካው።

ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፦
ሙቀቱንም እንዳትረሱት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ መስኮት ብትከፍቱ ክፍሉ ይበርዳል፣ እኛ 1,850 ገደማ ላይ ነን፣ ያሰብነው ክፍል ቆርቆሮ ስር ስለሆነ ማቀዝቀዣ ወይ ሌላ ክፍል ያስፈልጋል። በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ኔትወርክ ላይ ምሰራው አባል፦
ይግባ። እኔም አንድ ከባድ ነገር ላስመዝግብ፣ ኤን ፕላስ ዋን ላይ ኮንፊጉ (የኮንትሮለሩ ቅንብር) በራሱ አይገለበጥም። ደሴ ላይ አንድ ነገር ከተቀየረ ኮምቦልቻም ላይ መቀየር አለበት፣ የዋይፋዮቹ ስም ብቻ ሳይሆን ቅደም ተከተላቸውም አንድ ይሁን። ቨርዥናቸውም እንደዛው፣ ከተለያየ ኤፒው በዞረ ቁጥር ሶፍትዌር እያወረደ ሪስታርት ያረጋል፣ በችግር ሰዓት ይሄ ረጅም ነው። ለዚህ ሁለት ሰው በስም ይመደብ፣ አንዱ ከደሴ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ፓስወርዱንም ሁለቱም ይያዙት።

የኮሚቴ ሰብሳቢ፦
አላህ ይስጣችሁ። እንዲህ ጻፍኩት፣ አርሙኝ። «ሁለተኛው ኮንትሮለር ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ይቀመጥ፤ ሁለቱም እያንዳንዳቸው 32 አክሰስ ፖይንት መሸከም ይቻላቸው፤ የቅርንጫፍ ዳታ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ይውጣ፤ ኮምቦልቻ የራሱ ራዲየስ፣ ዩፒኤስና ማቀዝቀዣ ይኑረው፤ ሁለት ኃላፊዎች ይመደቡ፤ በየ3 ወሩ አንዱ ኮንትሮለር ሆን ተብሎ እየጠፋ ይሞከር።»

ገንዘብ ያዥ፦
ተስማምቻለሁ ጋሼ። ሙከራው ግን ሰኞ እንዳይሆን፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው በር አልፎ ነው ሚቆመው። እሁድ ጠዋት አርጉት፣ እኔም መጥቼ አንድ ደረሰኝ እያተምኩ እሞክረዋለሁ።

ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ፦
እሁድ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የደሴው ይጥፋ፣ እኛ እዚህ ላፕቶፑን ከዜሮ ከፍተን እንግባ፣ ገብተን ካየን በኋላ ኢንሻአላህ የኛን እናጠፋለን።