ጠዋት የደሴ ብርድ፣ ቀን የኮምቦልቻ ሙቀት፦ ምን ልልበስ?

ተመላላሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ሮቢት ነው። የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ፣ ሂሳብ ክፍል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሚኒባስ ይዤ የሀረጎን ተራራ እወርዳለሁ፣ ማታ መልሼ እወጣለሁ። መንገዱን የምታውቁ ችግሬ ይገባችኋል። ከቤት ስወጣ የጦሳ ተራራ ጉም ፊቴን ይመታኛል፣ ጣቴ ደንዝዞ ዚፕ አልይዝ ይላል። 8 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል።

ከመስከረም ወዲህ የገዛሁትን ልብስ ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ዋጋውንም፣ ስንት ቀን እንደለበስኩትም። ሰባት ዕቃ፣ ድምሩ 16,450 ብር። በእኔ ደመወዝ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የምለብሰው አጣለሁ። እስቲ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ግራጫ የሱፍ ሹራብ፣ ከሰልባጅ፣ 450 ብር። 60 ቀን ገደማ ለብሼዋለሁ። ስገዛው አንገቱ ትንሽ ሰፋ ስላለብኝ ሁለት ቀን ሳመነታ ከርሜ ነበር። አሁን እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር እላለሁ።

ጥቁር ቆዳ መሳይ ጃኬት፣ 3,200 ብር። በአራተኛው ወር ክርኑ ላይ መላጥ ጀመረ። ሻጩ «ንጹህ ቆዳ ነው» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። እውነት ለመናገር ያመመኝ ከብሩ ይልቅ ይሄ ነው።

ክሬም ሙሉ ልብስ፣ ኮትና ሱሪ፣ 5,500 ብር። ሁለት ጊዜ ለበስኩት። ትከሻው ይሰፋኛል፤ ቀለሙ ደግሞ ለሚኒባስ ወንበር አይሆንም።

ሁለት ጂንስ። የ1,600ው ጥሩ ነው። የ1,400ው ተለጣጭ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉልበቱ ተልፈስፍሶ ይቀራል።

ነጭ ሸራ ጫማ፣ 2,400። በበጋ ወደድኩት። የሚያዝያ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ጨረሰው።

አረንጓዴ ቀሚስ፣ ከቴሌግራም ያዘዝኩት፣ 1,900። ፎቶው ላይ ጥጥ ይመስላል። ስለብሰው ግን ያፍነኛል።

ለለቅሶና ለሰርግ እናቴ ያስሸመነችልኝ ኩታ አለኝ፣ እሱ አያሳስበኝም። የቸገረኝ የሥራ ቀን ነው። ክረምት ሳይገባ 4,000 ብር አለኝ። ምን ልግዛበት? ሙሉ ልብሱንስ ላስጠብበው ወይስ ልሽጠው?

ባለ መኪናው ልብስ ሰፊ፦
ልጄ፣ ደብተር መያዝሽን ወድጄዋለሁ። ስለ ኮቱ ልንገርሽ። ወገብ ማጥበብ፣ እጅጌ ማሳጠር ቀላል ሥራ ነው። ትከሻ ግን እጅጌውንም ገበሩንም ፈትቶ እንደ አዲስ መግጠም ነው። ብዙ ያስወጣሻል፣ ውጤቱም አያስተማምንም። ኮት ስትገዢ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ፤ እሱ ካልተቀመጠ ተዪው። ሱሪውን ግን ለብቻው ልበሺው፣ ማን አብረሽ ልበሺ አለሽ?

ሌላ ነገር። ወደፊት «ጥጥ ነው» ሲሉሽ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ጥቁር ዶቃ ይደርቃል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ጃኬቱ ላዩ የፕላስቲክ ቅብ ነው፣ አይጠገንም። ተጨማሪ ብር አታውጪበት።

የጥጥ ልብስ ደግሞ ሳታጥቢ ወደ ሰፊ አታምጪ። መጀመሪያ ሲታጠብ ገብቶ ያጥራል። በልኩ አሳጥሬ የሰጠኋት ሴት ከሳምንት በኋላ አጠረብኝ ብላ ስትመለስ አይቼ አዝኛለሁ።

እህት ከቧንቧ ውሃ፦
አብሽሪ እህቴ፣ እኔም ሦስት ዓመት በዚያው መንገድ ተመላልሻለሁ። ስህተቴም እንዳንቺ ነበር። አንድ ወፍራም ልብስ ፈልጌ እገዛለሁ፤ ጠዋት ያድነኛል፣ ቀን ይገድለኛል። ለኛ መንገድ መደራረብ ነው የሚያዋጣው። ከውስጥ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ከላይ ያ ሹራብሽ፣ በላዩ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ስስ ጃኬት። ሀረጎን ስትወርጂ አንዱን ታወልቂያለሽ፣ ቢሮ ስትደርሺ ሌላውን። ሁለቱም ተጣጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ።

ዝርዝርሽን ሳየው ግን ሸሚዝ የሚባል የለም። ሰባት ዕቃ ገዝተሽ ከውስጥ የሚለበስ አንድም አልገዛሽም። 8 ሰዓት ላይ ሹራቡን ማውለቅ የሚያቅትሽ ለዚህ ይመስለኛል።

የጂኦግራፊ መምህር፦
ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ሀረጎ ብቻውን አራት ዲግሪ ያህል ይለውጥብሻል። የቀረው የጠዋትና የቀን ልዩነት ነው። ስለዚህ እህታችን መደራረብ ያለችው ትክክል ነው።

በአንድ ነገር ግን ከልብስ ሰፊው አባታችን እለያለሁ። ፖሊስተርን ሁሉ አትጥዪ። በሐምሌ ደሴ ላይ ወፍራም ጥጥ አጥበሽ ካሰጣሽ ሦስት ቀን እርጥብ ነው፤ ፖሊስተር አድሮ ይደርቃል። ከቆዳሽ ጋር የሚነካካው ጥጥ ይሁን፣ የላዩ ፖሊስተር ቢሆን ምንም አይደል።

ተመላላሿ፦
ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሸሚዝ እንደሌለኝ እስክትነግሩኝ ድረስ ልብ አላልኩም ነበር። ደብተሩን መልሼ አየሁት፣ እውነት አንድም የለም። ለካ ስገዛ የነበረው ከሩቅ የሚታየውን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ሁለት የጥጥ ሸሚዝ ገዛሁ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ሰማያዊ፣ በ1,500። ለሻጩ «ክር ልምዘዝ?» ስለው ሳቀና ክብሪቱን ራሱ አቀበለኝ። አመዱ በነነ። ስስ የዝናብ ጃኬት ከሰልባጅ በ700 አገኘሁ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘግቼ ነው የወሰድኩት። ቤት ስደርስ በሙቅ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

የክሬሙን ሱሪ ትናንት ከሰማያዊው ሸሚዝ ጋር ለበስኩት። ሀረጎን ስንወርድ ጃኬቱን አወለቅኩ፣ ቢሮ ስደርስ ሹራቡን። 8 ሰዓት ሲሆን ጀርባዬ ደረቅ ነበር። ኮቱን ትከሻዋ ሰፋ ላለ የአክስቴ ልጅ ሰጠኋት፣ ልክ ለእሷ የተሰፋ ነው የሚመስለው።

1,800 ብር ቀርቶኛል፣ ለጫማ ነው። ጥቁር፣ ሶሉ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ፣ ቁጥር 38። ፒያሳ ወይ ሰኞ ገበያ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።