ዝም ያለ ሰው ፈቅዷል ይባላል? በብሪታንያ የአካል ልገሳ ሕግ ላይ የተደረገ ክርክር

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄያችን ከባድ ነው፤ ተከባብረን እንነጋገር። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከሜይ 20 ቀን 2020 ጀምሮ አንድ አዋቂ ሰው ሲሞት፣ በሕይወት ሳለ «አልፈልግም» ብሎ ካልተመዘገበ ወይም ለቤተሰቡ ካልተናገረ፣ አካሉን ለመለገስ እንደፈቀደ ይቆጠራል። ዌልስ በ2015 ቀድማ ጀምራለች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስኮትላንድ በ2021፣ ሰሜን አየርላንድ በ2023 ተከትለዋል። መንግሥት የሰውን ዝምታ እንደ «እሺ» መቁጠሩ ተገቢ ነው ወይስ ድፍረት?

አስተርጓሚው (ለንደን)፦ ከቋንቋው ልጀምር፤ ክርክሩ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለና። እንዲህ ያለውን ፈቃድ እንግሊዞች «ፕሪዙምድ ኮንሰንት»፣ የተገመተ ፈቃድ ይሉታል። «ፕሪዙም» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ማስረጃ ሳይሟላ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መያዝ ነው። በሌላ በኩል ወሰን ማለፍ ነው፤ ሳይፈቀድልህ ገብተህ መወሰን። የቃሉ የላቲን ሥር «አስቀድሞ መውሰድ» ነው። «አሱም» (እንደ እውነት መያዝ) የሚለውም ከዚያው ከ«መውሰድ» የመጣ ነው። ለዚህ ነው ትሑት ሰው «አንአሱሚንግ» የሚባለው፤ የማይገባውን ለራሱ የማይወስድ ማለት ነው።

ቃሉ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ጋዜጠኛው ስታንሊ በ1871 በዛሬዋ ታንዛኒያ ኡጂጂ ላይ ደብዛው የጠፋውን አሳሽ ሊቪንግስተንን ሲያገኝ «ዶክተር ሊቪንግስተን ይመስሉኛል» አለ ይባላል። እዚያ ላይ ፕሪዙም ጨዋነት ነው። ተናጋሪው ራሱን ዝቅ አድርጎ ለእርማት ቦታ ይተዋል። ሰውን «ፕሪዛምፕቹስ» ካልከው ግን ሰደብከው፤ ደፋር፣ ቦታውን የማያውቅ አልከው። ልዩነቱ ያለው ሌላው ሰው «አይደለም» ለማለት ዕድል ማግኘት አለማግኘቱ ላይ ነው። ይህን ሕግ ስናይም መጠየቅ ያለብን እሱን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በሕጉ ርዕስ ላይ «ፕሪዙምድ» የሚል የለም። «ዲምድ» ነው የሚለው፤ «እንደሆነ የሚቆጠር»። ይሄኛው ለስላሳ ነው። የድፍረት ጥላ የለበትም።

ሹፌሩ (ማንቸስተር)፦ ቃሉ ለሰለሰ አልለሰለሰ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ኩላሊቴን ፈቀድክ አሉኝ አይደል? በቃ ድፍረት ነው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!

ነርሷ (ለንደን)፦ ወንድሜ፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው የምጽፍልህ። ማንም ዝም ብሎ አይወስድም። ሁልጊዜ ለዚህ የሠለጠነች ነርስ ከቤተሰብ ጋር ትቀመጣለች። «እሱ ምን ይል ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። በተግባር ቤተሰብ እምቢ ካለ አይወሰድም። ከ18 ዓመት በታች ያሉ፣ ሕጉን መረዳት የማይችሉ፣ እዚህ ከ12 ወር በታች የኖሩም ሆነ ለጉብኝት የመጡ በሕጉ አይያዙም። ፊትና እጅን የመሳሰሉ አካላትም በዝምታ አይታለፉም፤ ግልጽ ፈቃድ ይጠየቅባቸዋል።

የሌላውን ወገን ሥቃይም እዩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ከ7,000 በላይ ነው። ከ100 ሟች ለመለገስ በሚያስችል ሁኔታ የሚያልፈው አንድ ሰው ገደማ ብቻ ነው። ሕጉ የማክስ እና የኪራ ሕግ ይባላል። ኪራ የ9 ዓመት ልጅ ነበረች። በ2017 በመኪና አደጋ ስትሞት ልቧ ለእኩያዋ ለማክስ ደረሰ። እዚያ ላይ ግን ማንም አልገመተም። ቤተሰቧ ራሳቸው ናቸው እሺ ያሉት።

የሕግ ተማሪው (ካርዲፍ)፦ እህቴ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ለእኔ ወገን ትመሰክራለች። የኪራ ቤተሰብ ሰጡ። ሕጉ ግን ስማቸውን ይዞ መስጠትን ወደ አለመከልከል ቀየረው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ደጋፊዎች «ሕግ ሁልጊዜ ይገምታል፤ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ተብሎ ይገመት የለ?» ይላሉ። እውነት ነው። በ1935 ዉልሚንግተን የተባለ ወጣት ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ተፈርዶበት ነበር። እሱ ጠመንጃው በድንገት ነው የተተኮሰው ይል ነበር። ዳኛው ይህን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ እንደሆነ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ዜጎች (ለጁሪው) ነገራቸው። ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ፍርዱን ሻረው። ሎርድ ሳንኪ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ መሆኑን በእንግሊዝ የወንጀል ሕግ ውስጥ የሚያልፍ «የወርቅ ክር» አሉት።

ያ ግምት ማንን እንደሚያስር ተመልከቱ። መንግሥትን ነው። ጉልበተኛውን «ሳታስረዳ አትንካው» ይለዋል። የአካል ልገሳው ግምት ግን በተቃራኒው ነው የሚሠራው። ለተቋሙ በር ይከፍታል፤ መናገር ያለበት ግለሰቡ ነው፣ ካልተናገረ አለፈው። ሁለቱም «ግምት» ስለተባሉ ብቻ አንዱን በሌላው መሸፈን አይቻልም።

ፍርሃቴ ደግሞ ከባዶ የመጣ አይደለም። በሊቨርፑሉ አልደር ሄይ ሆስፒታል የሞቱ ሕፃናት አካል ወላጆች ሳያውቁ ተቀምጦ ተገኝቷል። የምርመራው ዘገባ በ2001 ሲወጣ አገር ደነገጠ። የ2004ቱ የሰው ሕብረ ሕዋስ ሕግ ፈቃድን መሠረቱ ያደረገውም በዚያ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ ገና ምን ያህል ጊዜ ሆነና!

ነርሷ፦ አልደር ሄይ አሳፋሪ ነው፤ አልከራከርህም። ግን «ደካማውን የሚጠብቅ ግምት» ካልክ፣ እዚህ ላይ ደካማው ማነው? በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ የሚውለውን ሰው ደካማ አትለውም? የኛንም ጉዳይ ልንገራችሁ። ኩላሊት የመግጠም ዕድሉ ተመሳሳይ ዘር ካለው ሰው ሲመጣ ይጨምራል። ጥቁር ቤተሰቦች እሺ የምንለው ከነጮቹ በጣም ባነሰ መጠን ነው። ሲታመምብን ግን ረጅም ጊዜ የምንጠብቀው እኛው ነን።

አባት (በርሚንግሃም)፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም ሰማሁ። እኔ መስጠትን አልቃወምም። ዳዊት ከድፍረት ኃጢአት ጠብቀኝ ብሎ ይጸልያል። በ1611 የታተመው የእንግሊዞቹ መጽሐፍ ቅዱስም እዚያ ቦታ ላይ «ፕሪዛምፕቹስ» ነው ያለው። አስተርጓሚው የነገራችሁን ስሰማ እሱ ትዝ አለኝ። የሰው ሬሳ ላይ ያለ ቃሉ መወሰን ለእኔ ከዚያ ይቆጠራል።

ደግሞ ዝም ያለው ሁሉ አውቆ ነው? እዚህ ከተማ በእንግሊዝኛ የሚመጣ ደብዳቤ ሳይከፈት መሳቢያ የሚገባባቸው ስንት እናቶች አሉ። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው ሰው ሁሉ በወረርሽኙ ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት ነው። ያልሰማ ሰው ዝምታው ከምን ይቆጠራል? «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብለን ያደግን ነን። ዝም የምንለው ተስማምተን ብቻ አይደለም። ፈርተንም፣ አክብረንም ዝም እንላለን።

ሹፌሩ፦ ጋሼ ጨረሱት!

ከአዲስ አበባ፦ ባጭሩ፦ እኛ ጋ የዓይን ባንክ አለ። የዓይን ብሌን የሚለግስ ሰው በሕይወት ሳለ ቃል ይገባል። ቀስ ይላል፤ ግን ቃሉ የራሱ ነው።

አስተርጓሚው፦ ስፔንን ሳናነሳ አንለፍ፤ የሕጉ ደጋፊዎች ሁሉ የሚጠሯት እሷን ነውና። በ1979 ባወጣችው ሕግ ዝምታን እንደ ፈቃድ ትቆጥራለች፤ በልገሳም ዓለምን ትመራለች። ግን ሕጉ ከወጣ በኋላ ለአሥር ዓመት ነገሩ አልተነሳም። የተነሳው በ1989 ብሔራዊው የንቅለ ተከላ ድርጅት ተቋቁሞ በየሆስፒታሉ የሠለጠነ አስተባባሪ ሐኪም ሲቀመጥ ነው። እዚያም ቤተሰብ ሁልጊዜ ይጠየቃል። ድርጅቱን ያቋቋሙት ዶክተር ማቴሳንዝ ራሳቸው ውጤቱ ከሕጉ የመጣ አይደለም ሲሉ ኖረዋል። የብሪታንያ የአካል ልገሳ ግብረ ኃይልም በ2008 አጥንቶ እንዲህ ያለ ሕግ አያስፈልግም ብሎ ነበር።

እዚህስ ምን ሆነ? በእንግሊዝ ከሕጉ በኋላ ቤተሰቦች እሺ የሚሉበት መጠን ከፍ ማለቱ ቀርቶ ዝቅ ብሏል። የሚገርም አይደለም። ልጁ ዝም ብሎ ሞቶ «ሕጉ ፈቅዷል ይላል» የተባለች እናት ምን ትበል? በግልጽ «እሰጣለሁ» ብሎ ከተመዘገበ ግን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል ቃሉን ያከብራሉ። እናትን የሚያጽናናት የልጇ ድምፅ ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ገንዘቡና ጉልበቱ ሰው በቋንቋው እንዲጠየቅ ይዋል። እስኪጠየቅ ድረስ ግምቱ ድፍረት ነው፤ ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር።

ነርሷ፦ በመጠየቁ እስማማለሁ። ሕጉ ይሻር የሚለውን ግን አልቀበልም። ብዙ ቤት ውስጥ ወሬው የተነሳው በሕጉ ምክንያት ነው። ይሄው እኛም እየተነጋገርን ነው።

የሕግ ተማሪው፦ እኔ «እሰጣለሁ» ብዬ ከተመዘገብኩ ቆይቻለሁ። አካሌን ራሴ ልስጥ ነው የምለው።

ሹፌሩ፦ እሺ ነርሷ፣ አባቴ ይህን ሲሰማ ይጠይቀኛል። እንዴት ነው የሚመዘገበው?

ነርሷ፦ በኢንተርኔትም በስልክም ይቻላል። እሺም፣ እምቢም፣ «ልቤን አይደለም፣ ኩላሊቴን ብቻ» ማለትም ይቻላል። ሃይማኖቴን በተመለከተ ቤተሰቤን አነጋግሩ የሚል ምርጫም አለው። ቀድሞ የተመዘገበም ሐሳቡን መቀየር ይችላል።

አባት፦ እኔ የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ አልሞላም። እሺም ልበል እምቢ፣ በራሴ እጅ እሞላዋለሁ። ሕጉን ግን አሁንም አልቀበለውም።

ነርሷ፦ እምቢ ቢሉም አከብርዎታለሁ አባቴ። ብቻ ለልጆችዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው። እኛ የምንጠይቀው እነሱን ነው።