በቆሻሻ ክምር ላይ በሚሠራ የመመረቂያ ጥናት የአደጋ ስጋት ምዕራፍ ቦታው የት ነው?

የአካባቢ ምህንድስና ተማሪ፣ 5ኛ ዓመት

ጤና ይስጥልኝ። የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው በአንድ ከተማ ክፍት የቆሻሻ መጣያ ላይ ነው። ርእሱን የመረጥኩት መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የደረሰው የክምር መደርመስ ከ110 በላይ ሰዎችን ስለቀጠፈና ተመሳሳይ ክምር በየከተማችን ስላለ ነው። የጥናቱ ዋና ክፍል ከክምሩ ሥር የሚወጣውን ሊቼት (በቆሻሻው ውስጥ አልፎ የሚንጠባጠበውን የተበከለ ፈሳሽ) መጠንና ይዘት መለካት ሲሆን፣ ቢኦዲንና ሲኦዲን (በፈሳሹ ያለውን ብክለት ለማብላላት የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያሳዩ መለኪያዎች)፣ አሞኒያና ከባድ ብረቶችን ያካትታል። በመጨረሻ ስለ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር አንድ ምዕራፍ ጨምሬ ነበር፤ አማካሪዬ ግን «ይህ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች ድርሻ ነው፤ ይውጣ» አሉኝ። ምዕራፉ ከምህንድስናው ጋር በእርግጥ የሚገናኝበት መንገድ አለ? ካለስ ባለኝ አነስተኛ መሣሪያ ምን ልለካ እችላለሁ?

የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ

እህቴ፣ ግንኙነቱ አንቺው በምትለኪው ሊቼት ውስጥ ነው። አንቺ የምታዪው ወንዝና የከርሰ ምድር ውኃ የሚበክል ፈሳሽ ነው፤ እኔ የማየው ደግሞ ክምሩን ከውስጥ የሚገፋ ግፊት ነው።

በቁጥር እንየው። ውኃ የጠጣ ቆሻሻ ክብደቱ በሜትር ኩብ 12 ኪሎኒውተን ነው ብንል፣ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ጠቅላላ ጫና 120 ኪሎፓስካል ይሆናል። የሰበቃ ማዕዘኑን (ቆሻሻው እርስ በርሱ በመፋተግ መንሸራተትን የሚቋቋምበትን ልክ) 30 ዲግሪ አድርገን መያያዣ ኃይሉን (ቆሻሻው እርስ በርሱ የሚጣበቅበትን) ብንተወው፣ የውኃ ግፊት በሌለበት መንሸራተትን የሚቋቋመው አቅም 69 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሊቼቱ መውጫ አጥቶ እስከ ላይ ቢሞላ ግን የውኃው ግፊት ብቻ 98 ኪሎፓስካል ስለሚደርስ፣ ለሰበቃ የሚተርፈው ጫና 22፣ የመቋቋም አቅሙም 13 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ይሆናል። አፈር ከውኃ በእጥፍ ገደማ ስለሚከብድ እንዲህ አይራቆትም፤ ቆሻሻ ግን ቀላል በመሆኑ ውኃው አቅሙን ከሞላ ጎደል ይወስድበታል። ስለዚህ በክምሩ ውስጥ ያለው የሊቼት ከፍታ የብክለትም የመደርመስም መረጃ ነው።

ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ በጃፓንና በዩኤን ሃቢታት ድጋፍ የተተገበረው የፉኩኦካ ዘዴም ይህንኑ ያሳያል። በዘዴው መሠረት በጠጠር የተከበቡ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ሊቼቱን ያስወጣሉ፤ በዚያው አየር ገብቶ የሚመነጨው ሜቴን ይቀንሳል። አንዱ ቧንቧ ብክለትንም የውኃ ግፊትንም ያቃልላል ማለት ነው።

በከተማ ፕላን የሚሠራ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱ ብቻውን አደጋውን አያስረዳም። ቆሼ ላይ ክምሩ ሲናድ ከግርጌው ቤቶች ነበሩ፤ ሰዎች ውስጣቸው ነበሩ። ከዚያ በፊት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች በመቃወማቸው ሥራው ቆመና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ጭነቱ ወደ ቆሼ ተመለሰ። አንድ አዲስ ማስወገጃ በነዋሪው ዘንድ ተቀባይነት ሲያጣ አሮጌው ክምር ተጨማሪ ጭነት ይሸከማል፤ ይህ በቀጥታ የተዳፋት መረጋጋት ጉዳይ ነው። አማካሪሽ ለሌሎች የተዉት ድርሻ በዚህ በኩል ወደ ራሳቸው ሙያ ይመለሳል።

በጥናትሽ ካርታ ላይ የክምሩን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያሉትን ቤቶች፣ የቆሻሻ ለቃሚዎችን መተላለፊያና የሚያድሩበትን ቦታ እንድታስገቢ አደራ እላለሁ። በቀንና በሌሊት የሚገኘው ሰው ቁጥር ስለሚለያይ ሁለቱንም ቁጠሪ።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ የአደጋ ስጋት ጥናት

አማካሪዎ ያሉት ከፊሉ ትክክል ይመስለኛል። ስለ ዝግጁነት፣ ምላሽና መልሶ ማቋቋም ትርጓሜ የሚደረድር ምዕራፍ ከሆነ ቢወጣ ይሻላል፤ እንዲህ ያሉ ምዕራፎችን ደጋግሜ አንብቤያለሁ፣ አንድም ሕይወት የሚያድን ነገር የላቸውም። ምዕራፉ መቆየት ያለበት «ክምሩ ቢናድ እስከ የት ይደርሳል፣ ማንንስ ያገኛል?» የሚለውን ከመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሌዊጋጃህ በተባለው ቦታ 2.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚሆን ቆሻሻ ከዝናብ በኋላ ተንዶ ወደ 900 ሜትር ተጉዟል፤ ከ140 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ከግርጌው 50 ሜትር ርቆ የተሠራ ቤት ከስጋት ውጭ ነው ለማለት አይደፈርም። ምዕራፉን ከመጨረሻ አንሥተው ከሊቼት ውጤቱ ጋር ያዋህዱት፤ ያን ጊዜ አማካሪዎ የሚቃወሙበት ምክንያት ያላቸው አይመስለኝም።

የአካባቢ ምህንድስና ተማሪ፣ 5ኛ ዓመት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሊቼቱን ከፍታ ለመለካት ፒዞሜትር (በክምር ውስጥ ያለ የውኃ ግፊት መለኪያ) መግዛት አልችልም፤ ሌላ አማራጭ ይኖራል?

የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ

አለ። የታችኛው ክፍሉ የተበሳሳ የፒቪሲ ቧንቧ በጠጠር ከበሽ ከቀበርሽ በኋላ የፈሳሹን ከፍታ በየሳምንቱ በሜትር መለካት ይቻላል። በክምሩ አናት ላይ ስንጥቅ ካገኘሽ ደግሞ በግራና በቀኙ ሁለት ችካል ትከዪና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየጊዜው መዝግቢ፤ ጭማሪው እየፈጠነ ከሄደ ጥናትሽን ሳትጨርሺ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ አሳውቂ።

ቁፋሮውን ግን ብቻሽን እንዳትሞክሪው። ከጉድጓዱ ሜቴንና ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊወጣ ስለሚችል የጋዝ መለኪያ ከዩኒቨርሲቲሽ ቤተ ሙከራ ተዋሺ፣ በአካባቢው እሳት የሚባል አይኑር፤ ከተዳፋቱ ግርጌም ቆመሽ አትሥሪ።