ለቴሲስ፦ ሰፈር ሰውን ያንቀሳቅሳል ወይ? አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ምን ይጠና?

ማሂ_ጤና፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፐብሊክ ሄልዝ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነኝ፣ ፕሮፖዛል ለማስገባት ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ እና ጭንቅ ላይ ነኝ። ርዕሴ በደፈናው የሰፈር አሠራር ማለትም መንገዱ፣ ሜዳው፣ መብራቱ፣ የቤቱ አሠራር ምናምን ከሰው የአካል እንቅስቃሴ ጋ ያለው ግንኙነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ። አድቫይዘሬ "ሰፊ ነው አጥብቢው" ብሎ መለሰልኝ። እኔ ያሰብኩት የኮሪደር ልማት የደረሰበት ሰፈርና ያልደረሰበት ሰፈር ወስጄ መጠይቅ አስሞልቼ ማወዳደር ነበር፣ ግን አንድ ሲኒየር ጓደኛዬ "ይሄ ምንም አዲስ ነገር አይነግርሽም" ስትለኝ ቅስሜ ተሰበረ። እዚ ፕላነርም ጤና ባለሙያም አላችሁና እስቲ ለኛ ከተማ ቅድሚያ ሊጠና የሚገባው የቱ ነው ትላላችሁ? ፈንድ የለኝም፣ ዳታ መሰብሰቢያ አራት ወር አለኝ።

የአስፋልት_ልጅ፦
ጓደኛሽ ልክ ናት ግን አትደንግጪ፣ ርዕሱ ሳይሆን አካሄዱ ነው ያረጀው። የሁለት ሰፈር ንጽጽር ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ሰው አቅሙና ፍላጎቱ እንደፈቀደ ሰፈሩን መርጦ ነው የሚኖረው። ጥሩ የእግረኛ መንገድ ያለበት ሰፈር ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ሰው ስላየሽ መንገዱ ነው ያስሮጠው ማለት አትችይም፣ ምናልባት መሮጥ የሚወድ ኪሱም የሚችል ሰው ነው እዛ ቤት የተከራየው። ውጪ ያሉትም ለዓመታት የሚጨቃጨቁት በዚ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣው ትልቁ ጥናት 10 አገር፣ 14 ከተማ፣ 6822 ሰው ወገብ ላይ በሚታሰር መለኪያ ለክቶ፣ ለእንቅስቃሴ የሚመች ሰፈርና የማይመች ሰፈር መሀል በሳምንት ከ68 እስከ 89 ደቂቃ ልዩነት አገኘ፣ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ቢያንስ የሚለው 150 ደቂቃ ነው። ግን እሱም አንዴ ለክቶ ያወዳደረ ነው፣ ደሞ ከ14ቱ ከተሞች አፍሪካ ውስጥ ያለ አንድም የለም። አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ ትንሽ ይሻላሉ፣ ሰዎቹን አዲስ ቤት ከመግባታቸው በፊት ለክተው ከገቡም በኋላ ተከታትለዋቸዋል፣ ግን አሁንም ሰፈሩን የመረጡት ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው።

እኛ ጋ ግን የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ነው! እነሱ የሚመኙት ነገር እኛ ጋ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። እኩል ተመዝግበው እኩል ከቆጠቡ ሰዎች አንዱ ኮዬ ፈጬ ደረሰው፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ምንም አልደረሰውም አሁንም አራት ኪሎ ጓሮ ተከራይቶ አለ። ከተማ ዳር የደረሰው ሰውዬ ድሮ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሩ ይሄድ ነበር፣ አሁን አውቶብስ ላይ ቁጭ ብሎ ነው ቀኑ የሚያልቀው፣ በሌላ በኩል ደሞ ከብሎኩ እስከ ፌርማታው ድረስ የሚሄደው አለ። የቱ ያመዝናል? እኔን ብትጠይቂኝ ጥያቄ ቁጥር አንድ ይሄ ነው። የዕጣውን ዙር ግን ተጠንቅቀሽ ምረጪ፣ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው በዳታ ማጭበርበር ተሰርዞ በ2015 ነው እንደገና የወጣው።

ፊዚዮ_ጀሞ፦
ዕጣው ጥሩ ሀሳብ ነው ግን የደረሰው ሁሉ አይገባበትም እኮ፣ ስንቱ አከራይቶ እሱ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። ይሄ አንድ።

ሁለት፣ ማሂ "እንቅስቃሴ" ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር ነው ይባላል፣ ግን ይሄ ሰፈሩ ስለተመቸው አይደለም፣ የታክሲ ስለሌለው ነው። ከኮልፌ መርካቶ ድረስ ተሸክሞ የሚሄድ ወዛደር መጠይቅሽ ላይ አንደኛ ነው የሚወጣው። እኔ ጋ ሲመጣ ግን ወገቡ የተበላሸ ሰው ነው። እና ጥሩ መንገድ ያለበት ሰፈር ሰዎች ራይድ ስለሚጠሩ ትንሽ ነው የሚሄዱት የሚል ውጤት ብታገኚ ምን ልትመክሪ ነው፣ መንገዱ ይፍረስ? 😂 ለኛ አገር ቅድሚያው "ሰው እንዴት ብዙ ይሂድ" ሳይሆን "ሰው አቅም ሲያገኝ መሄድ እንዳያቆም ምን ይያዘው" ነው መሆን ያለበት። ባጃጅ ሲገባ፣ መኪና ሲገዛ፣ ያኔ ምን ይቀራል።

ሜሪላንድ_ነኝ፦
ፊዚዮ ያልከው እኔ ነኝ በቃ። አዲስ አበባ እያለሁ ስፖርት የሚባል ሠርቼ አላውቅም ግን ቀጭን ነበርኩ፣ እዚ መጥቼ ጂም ከፍዬ ጂም ድረስ በመኪና ነው የምሄደው 🙈

የብሎክ47_እናት፦
ልጆች ስለምሁር ነገር አላውቅም ግን ኮንዶሚኒየም ስላነሳችሁ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፣ ዕጣው የደረሰን 4ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ድሮ ግቢያችን እያለን ቀኑን ሙሉ ጉድ ጉድ ስትል ነው የምትውለው፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ጎመን ትቆርጣለች፣ ጉሊት ወርዳ ቲማቲም ትመርጣለች። አሁን እሁድ ቤተክርስቲያን ብቻ ነው የምትወርደው፣ ስትመለስ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ እየተነፈሰች ነው። 1ኛ ፎቅ ያሉት አሮጊት ግን እድሜያቸው ከሷ ይበልጣል፣ ጠዋት ማታ ታች ናቸው። ልጆቹ ደሞ ሌላ ጉድ ነው፣ መሀል ያለው ሜዳ ፓርኪንግ ሆነ፣ ኮሚቴው ኳስ ከልክሏል መስኮት ይሰበራል ብሎ፣ ስለዚ ሁሉም ስልክ ላይ ነው። ይሄን ማን ያጠናልናል?

የአስፋልት_ልጅ፦
እትዬ እርስዎ አሁን እኔ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው የተናገሩት፣ አላስተዋልኩትም ነበር!! ማሂ ስሚ። ዕጣው ሳይቱን ብቻ አይደለም የሚሰጠው፣ ብሎኩንም ፎቁንም የቤት ቁጥሩንም ነው። ስለዚ አንድ ሳይት ውስጥ፣ ጂ ፕላስ ፎር ህንጻ፣ 1ኛ ፎቅ የደረሰውና 4ኛ ፎቅ የደረሰው ሰው የተለያዩት በዕድል ብቻ ነው። ዕጣ ያልደረሳቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት አያስፈልግሽም፣ ያ ደብዳቤ እስኪፈረም ደሞ አራት ወርሽ ያልቃል። አንድ ሳይት ትሄጃለሽ፣ በር ታንኳኪያለሽ፣ ያው ነው። ምድር ቤቱን ግን ተዪው፣ ብዙው ሱቅ ነው፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ባለዕድሎችም እዛ ስለሚሰጥ ዕጣነቱ ይበላሽብሻል።

ስለ መለኪያው ደሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅቱን መጠይቅ ብቻ አትያዢ። እሱ ስለ ጉዞ ሲጠይቅ በተከታታይ ቢያንስ 10 ደቂቃ የሄድሽውን ነው የሚለው፣ ድርጅቱ ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው ላይ ያንን የ10 ደቂቃ ነገር ትቶታል። የእትዬ እናት ጉሊት ወርዶ መመለስ 10 ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው፣ ስለዚ መጠይቁ ላይ ድሮም ዘንድሮም ተቀማጭ ሆነው ነው የሚታዩት። ጉሊት ካርታም ላይ የለም በነገራችን ላይ፣ ውጪ የተሠራውን የሰፈር መመዘኛ እንዳለ ገልብጠሽ "በ500 ሜትር ውስጥ ስንት የንግድ ቤት አለ" ብለሽ ከካርታ ከቆጠርሽ ዜሮ ነው የሚመጣልሽ፣ ታች ግን አስር ሴቶች ሽንኩርት ይዘው ተቀምጠዋል።

ፊዚዮ_ጀሞ፦
ስግደትም የለበትም መጠይቁ 😄 ሕማማት ላይ አንዳንድ እናቶች የሚሰግዱት እኮ ከኔ ታካሚዎች የሳምንት ስፖርት ይበልጣል። ሳልቀልድ ግን ወቅቱን አስቢበት፣ ዳታሽ ክረምት ላይ ከዋለ ጭቃውን ነው የምትለኪው፣ ሁዳዴ ላይ ከዋለ የሌሊት ኪዳን የሚሄደውን።

የፎቁ ሀሳብ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ 4ኛ ፎቅ ደርሷቸው ጉልበት ያቃታቸው ሰዎች ቀድመው አከራይተው ወጥተው ይሆናል፣ ወይ ተቀያይረው። አሁን ሄደሽ የምታገኚያቸው የቻሉትን ብቻ ነው። ስለዚ እዛ የሚኖሩትን ብቻ ጠይቀሽ "ፎቅ ምንም አያደርግም" እንዳትዪ።

ማሂ_ጤና፦
ወይኔ እግዜር ይስጣችሁ፣ ሁለት ቀን ያልተኛሁበት ነገር። በጣም የገባኝ የፎቁ ነው። እሺ እንዲ ላድርገው፦ አንድ ሳይት፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው ቤተሰቦች፣ 1ኛና 4ኛ ፎቅ፣ እርምጃ መቁጠሪያ ለሰባት ቀን። ለወጡት ደሞ እያንዳንዱን በር አንኳኩቼ "ባለቤቱ ነው ወይስ ተከራይ" ብዬ በፎቅ እቆጥራለሁ፣ 4ኛ ላይ ተከራይ ከበዛ እሱም ራሱ አንድ ውጤት ነው አይደል? የልጆቹን ኳስ ሳልነካው ማለፌ ግን ከነከነኝ።

የአስፋልት_ልጅ፦
ነው እንጂ፣ እንደውም ቆንጆ ውጤት። ልጆቹን ተያቸው ለሌላ ሰው፣ ሁሉን ልያዝ ካልሽ አድቫይዘርሽ ያለው ይደርሳል። ኮሪደሩን ግን የምታነቡ ሌሎች ካላችሁ፣ 2016 ዓ.ም. ላይ የተጀመሩት መስመሮች ቤዝላይናቸው ማለትም ከሥራው በፊት ያለው ልኬት አምልጧል፣ ፈርሶ ተሠርቷል፣ ከዛ የተነሳውም ሰው ዳር ወጥቷል፣ ድሮ ስንት ይራመድ ነበር ብሎ ማን ሊነግረን ነው። ገና ያልተቆፈረ መስመር ላይ ግን አሁኑኑ አንድ ጥግ ይዛችሁ ጠዋት ለሁለት ሰዓት፣ ማታ ለሁለት ሰዓት፣ የሚያልፈውን ቁጠሩ፣ ሴት ወንድ፣ ልጅ አዋቂ ብላችሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። ምሽቱን ሴቶች ላይ አተኩሩ፣ መብራት ገባ አልገባ ቀድሞ የሚታየው እነሱ ላይ ነው።

የብሎክ47_እናት፦
ማሂ ልጄ እኛ ሳይት ነይ፣ ቡና አፈላልሻለሁ፣ እማዬ መቁጠሪያውን ታስራለች። ግን ቤተክርስቲያን ስትሄድ ታውልቀው ወይ ትተወው ብላ እየጠየቀች ነው።

ማሂ_ጤና፦
ትተወው እትዬ! እሱን ነው ዋናው የምፈልገው 🙏