ሰዎች ሳያውቁብን ጨዋታቸውን ማዳመጥ ለጸሐፊ የተፈቀደ ነውን?

ጠያቂ፦ ብዕረኛ

ለመድረክ ተውኔት የምጽፍ ሰው ነኝ። ለምልልስ ሕይወት የሚሰጠው ሰዎች ሳይጠነቀቁ የሚናገሩት ንግግር ነው ብዬ ስለማምን፣ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ወረፋ ስጠብቅ ወይም በሕክምና መጠበቂያ ክፍል ስቀመጥ ጆሮዬን ጣል አድርጌ በአጠገቤ ያሉ ሰዎች የሚጨዋወቱትን አዳምጣለሁ። አንዱ ዐረፍተ ነገሩን ጀምሮ ሲተወው፣ ሌላው የወዳጁን ቃል ከአፉ ሲነጥቀው፣ የተቆጣ ሰው ድምፁን ከፍ በማድረግ ፈንታ ዝግ ሲያደርገው፣ ቤቴ ተቀምጬ ላስበው የማልችለውን ነገር እማራለሁ። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ የምሰማው የሰው ገመና ይሆንና ይከብደኛል። መስማቴ ራሱ ጥፋት ነውን ወይስ ጥፋት የሚሆነው ከሰማሁ በኋላ የማደርገው ነው? የምታውቁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፦ የሥነ ልቦና መምህር

አስቀድሞ ጆሮ የሚሰማውና ልብ ብለን የምናዳምጠው ቢለዩ መልካም ነው። ኮሊን ቼሪ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች በሁለት ጆሮዎቻቸው የተለያየ ንግግር እየሰሙ አንደኛውን ብቻ ተከትለው እንዲደግሙ ሲያደርግ፣ በሌላኛው ጆሮ የመጣው ድምፅ የወንድ ወይም የሴት መሆኑን ከመለየት በቀር ስለ ይዘቱ የሚናገሩት እምብዛም አልነበራቸውም። ኔቪል ሞሬይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ችላ በተባለው ጆሮ የሰውየውን ስም ሲያስገባ ከተሳታፊዎቹ ሲሶ ያህሉ ስማቸው መጠራቱን አስተውለዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ሳንፈልገው ትኩረታችንን ቢስበው የምንወቀስበት ምክንያት የለም፤ ከዚያ በኋላ ጆሮን ሰጥቶ መቀጠል ግን የራሳችን ውሳኔ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በጫጫታ መካከል ከሩቅ የሚሰማ ንግግር ተሸራርፎ የሚደርስ ሲሆን፣ ቀድመው የሚጠፉት በአብዛኛው ከአናባቢዎች ይልቅ ጉልበታቸው አነስተኛ የሆነ ተነባቢዎች ናቸው። «ቤቱን ሰጠችው» ያለውን ሰው «ቤቱን ሸጠችው» ብለው ሊሰሙት ይችላሉ፤ አእምሮም የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ እርግጠኛ ያደርግዎታል። በዚህ የተነሣ ከሰሙት ውስጥ የአነጋገሩን መልክ ቢወስዱ ተገቢ ሲሆን፣ ስለ ሰዎቹ እውነቱን ዐወቅሁ ብለው ለሌላ ሰው ቢያወሩ ግን ያልተፈጸመ ነገር በሰው ላይ ሊያወሩ ይችላሉ።

ምላሽ፦ የቋንቋ አጥኚ

ጥያቄዎ በእኛ ሙያ ውስጥ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ አጥኚ ዊልያም ላቦቭ እንዳስቀመጠው፣ ሰዎች ሳይታዩ እንዴት እንደሚናገሩ ለማወቅ እንፈልጋለን፤ ይህን ማወቅ የምንችለው ግን እነርሱኑ በመመልከት ብቻ ነው። እርሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 በኒው ዮርክ ሦስት ትልልቅ መደብሮች እየገባ፣ መልሱ «አራተኛ ፎቅ» የሚሆን ጥያቄ ሠራተኞቹን ይጠይቅ ነበር፤ በደንብ እንዳልሰማ ሆኖ ሲያስደግማቸው ተጠንቅቀው የሚናገሩበትንም አነጋገር ያገኛል፤ ከዚያም ከዓይናቸው ሲሰወር ማስታወሻውን ይጽፋል። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የወሰደው ምን እንደሆነ ነው፦ የአንድ ድምፅ አነባበብን ወሰደ እንጂ የማንንም ምስጢር አልወሰደም። ለተውኔትም ይኸው መንገድ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ሐረጉን፣ ዝምታውን፣ ንግግሩ የተቆረጠበትን ቦታ ይጻፉ፤ ስሙንና ታሪኩን እዚያው ይተዉት። በስልክ መቅዳትን ግን ፈጽሞ አልደግፍም፤ የተቀዳ ድምፅ የሰውየውን ማንነት ይዞ የሚሄድ ስለሆነ ያለ ፈቃዱ ሊወሰድ አይገባም።

ምላሽ፦ ጠበቃ

መቅዳትን በተመለከተ ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ያሉበትን አገር ሕግ ያረጋግጡ። ስለ ድንበሩ ግን አንድ ፍርድ የሚያስተምር ይመስለኛል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) መርማሪዎች በሕዝብ የስልክ ክፍል ውጭ ማዳመጫ መሣሪያ አስቀምጠው የአንድን ተጠርጣሪ ንግግር በመቅዳታቸው ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀርቦ ነበር፤ ካትዝ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ክስ እ.ኤ.አ. በ1967 ውሳኔ አገኘ። ክፍሉ በከፊል መስታወት ስለነበር ሰውየው ለሚያልፈው ሁሉ ይታይ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን በሩን ዘግቶ የተናገረው ያልተጋበዘ ጆሮ እንዳይሰማው ነው በማለት፣ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መቅዳቱ ሕገ ወጥ መሆኑን ወሰነ። ውሳኔው መንግሥትን የሚመለከት ቢሆንም፣ መለኪያውን ለራስዎ ሊወስዱት ይችላሉ፦ ተናጋሪው እንዳይሰማ ጥረት አድርጓልን? ድምፁን ዝቅ ያደረገ፣ ፊቱን ያዞረ ወይም ወደ ጥግ የሄደ ሰው አዎ ብሎ መልሶልዎታል።

ምላሽ፦ ነርስ

በጠበቃው መለኪያ ላይ አንድ ነገር መጨመር እፈልጋለሁ። በሕክምና መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ የማያደርጉት ሁልጊዜ ስለፈቀዱልን አይደለም፤ የታመመው አባታቸው ጆሮው ስለማይሰማ፣ ወይም እነርሱ ራሳቸው ስለደነገጡና የሚሄዱበት ጥግ ስለሌለ ነው። ተራው ደርሶ የተጠራ ሰው ሲመለስ የሰማውን ውጤት ለልጁ ጮክ ብሎ ሲነግር አያለሁ፤ እርሱን ማዳመጥ በአውቶቡስ ስለ ኳስ የሚከራከሩትን እንደ ማዳመጥ ሊቆጠር አይገባም። እባክዎ፣ ለተውኔትዎ የሚሆን ንግግር በወረፋና በመንገድ ሞልቶ ስላለ እዚያ ይፈልጉት፤ እኛ ዘንድ ሲመጡ ግን የሚያነቡት ነገር ይያዙ፣ የሚቻል ከሆነም ወንበር ይቀይሩ።